«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የአገልግሎት ታሪክ

እኛ የይፋግ አካባቢ ልጆች መርከብ ሲባል ቶሎ የሚታየን የጣና የደንገል ታንኳ ነው። ይሁንና አገራችን 95 ሜትር ያህል የምትረዝም የጦር መርከብ ነበረቻት። ስሟም «ኢትዮጵያ» ይባል ነበር። ታዲያ ከየት መጣች? ምንስ ትሠራ ነበር? መጨረሻዋስ ምን ሆነ?

መርከቧ የተሠራችው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነው። በመስከረም 1935 ዓ.ም. ውኃ ላይ ወረደች፤ በጥር 1936 ዓ.ም. «ኦርካ» ተብላ ሥራ ጀመረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበሩ። የኦርካ ሥራ እነርሱን መርዳት ነው፤ ነዳጅ ትሰጣለች፣ ትጠግናለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች፣ ታሳድራለች። ይህንንም በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ባሕር ላይ ፈጽማለች።

ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል የባሕር በር ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1955 የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኦርካን በውሰት ሰጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ጨርሳ ሸጠችልን። መርከቧ ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ሁሉ ትልቋ ብትሆንም ዋና ሥራዋ ማሠልጠን ነበር። ዕጩ መኮንኖች በክፍል የተማሩትን የመርከብ አነዳድ በእርሷ ላይ በተግባር ይለማመዱ ነበር። እኛ የማስተማር ልምምድ የምንለው ማለት ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በኤርትራ ሕዝባዊ ነጻነት ግንባር እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ሲያዝ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ተሻገረች። እዚያው ቆማ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ መርከቧን ያሰጠማት ጠላት የለም። መርከብ ነዳጅ የምትቀዳበት፣ የምትጠገንበት፣ ባሕርተኞቿም ወርደው የሚያርፉበት ወደብ ይሻል። ለአውሮፕላኖች ወደብ ሆና የኖረች መርከብ ራሷ ወደብ አጣች። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው «ወደቡስ?» ብሎ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቀይ ባሕር ስናስተምር ይህችን መርከብ እንጥቀስ። ባሕር ላላዩ ልጆች 95 ሜትር እንዲሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ ወደ ሜዳ እናውጣቸውና ርዝመቷን በገመድ ለክተው፣ ከዳር እስከ ዳር ይራመዱት።