የሞተር ብስክሌት ኀይልና የቁስቋም ዳገት

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



አንድ የማውቀው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በዕቁብ ገንዘብ የገዛው ባለ 150 ሲሲ ሞተር ብስክሌት አለው። መኖሪያው ቁስቋም ነውና ማታ ማታ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ሲወጣ ዳገቱ ያዘገየው ነበር። ስለዚህ ኀይል እጨምራለሁ ብሎ ሦስት ነገር በአንድ ቀን አስለወጠ። የአየር ማጣሪያውን አየር እንደ ልብ በሚያሳልፍ ተካ፤ ድምፁ የሚጎላ ክፍት ማርሚታ አስገጠመ፤ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን፥ ቀዳዳዋ የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን ትንሽ የነሐስ ብሎንም ሰፋ ባለች ለወጠ። በማግሥቱ ሞተሩ ሲነሣ ያስል፥ ዳገቱን ሲጀምርም ጥቁር ጢስ እየተፋ ይታነቅ ጀመር። አንድ ምሽት ከዳገቱ መካከል ድንገት ጠፋበትና ከኋላው ይመጣ የነበረ አውቶቡስ ለጥቂት ሳይደርስበት ቀረ። የጠየቀው መካኒክ «ሞተሩ ይከፈት፥ ፒስቶኑም ይለወጥ» አለው። ዋጋው የሁለት ወር ደመወዙን የሚያህል ነበር።

ሞተሩ ግን አልተበላሸም ነበር።

ቤንዚን ያለ አየር አይነድም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ በሙሉ ሳይቃጠል ይቀርና ጥላሸት ይሆናል፤ አየሩ ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ይህን ልክ እንዲጠብቅ የተሠራው ካርቡራተር ነው፤ ይሁን እንጂ ካርቡራተር የአየሩን ፍሰት እንጂ ክብደቱን አይመዝንም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ያለው ቁስቋም ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ይሳሳል፤ የሚመጣለት ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። እንግዲህ ለጠረፍ አገር የተሰናዳ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ፥ ማንም ሳይነካው፥ ቤንዚን ያበዛል ማለት ነው። ሞተሩም ከኀይሉ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል አስቀድሞ አጥቷል፤ ይህን ደግሞ የማርሚታ ጩኸት አይመልሰውም።

ወዳጄ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመለዋወጫው መመሪያ አየር ሲጨመር ቤንዚንም ይጨመር ይላል። ምክሩ እውነት ነው፤ የተጻፈው ግን ለቆላ ነው። በእኛ ከተማ የተጨመረው አየር አስቀድሞ የተረፈውን ቤንዚን ለማቃጠል ይበቃ ነበር፤ እርሱ ግን በትርፉ ላይ ትርፍ ጨመረበት። (የአየሩን ግፊት ራሳቸው እየለኩ ቤንዚኑን የሚመጥኑት አዳዲሶቹ ባለ ኤሌክትሮኒክ ሞተሮች በዚህ ረገድ ይሻላሉ።)

መንስኤውን ለማወቅ ማናቸውም ነገር ከመፈታቱ በፊት ካንዴላውን ማየት ይገባል። ዳገቱን የነዳጁን እጀታ ሞልቶ ከወጡ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ፥ እስኪበርድም ጠብቆ መፍታት ነው። ጫፉ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልኩን አግኝቷል። ዘይት የነካው እርጥብ ከሆነ ግን የዚያ መካኒክ ቃል እውነት ሊሆን ይችላልና ሞተሩን ማስመርመር ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ሞተሩ የሚታወከው መቼ እንደ ሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ የሚጠፋ እንደ ሆነ ከካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ማስተካከያ ብሎን መመርመር ነው። እጀታው ግማሽ ሲከፈት ከሆነ በውስጡ ከፍ ዝቅ የምትለውን መርፌ፥ ሞልቶ ሲከፈት ከሆነ ያችኑ የነሐስ ብሎን ማየት ይገባል። እጀታው ሳይነካ ሞተሩ ብቻውን የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ፥ ወይም ማሰሪያው ላልቶ አየር ያስገባ ይሆናል፤ ዕቃ ሲፈታና ሲገጠም ይህ ጎማ ብዙ ጊዜ ይጎዳል። በየሙከራው የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ሙከራውም በዚያው ዳገት ላይ ይደረግ። ሦስት ነገር ባንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደ በደለው ሊያውቅ አይችልም።

ወዳጄም የፋብሪካውን ብሎን መልሶ ቢያስገባ ጢሱ ጠፋ፤ ካንዴላውም ቡናማ መልክ ያዘ። ማርሚታውን ግን ጎረቤቶቹ አስመለሱት። የቀድሞው ማርሚታ አየሩን ጥቂት ስለሚያፍን በአንድ ቁጥር ያነሰች ብሎን አስገባ፤ አሁን ሽሮ ሜዳን ሳይታነቅ ያልፋል።

አንድ ነገር ይቀራል። ለቁስቋም የተስተካከለ ካርቡራተር ለአዋሽ አይሆንም። ወደ ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ በጠባቧ ቀዳዳ የሚመጣው ቤንዚን ያንሳል፤ በረጅሙ ሜዳ እጀታው ተሞልቶ ሲነዳም ሞተሩ ይግልና ፒስቶኑ ሊቀልጥ ወይም ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ጥቁር ካንዴላ ገንዘብ ያባክናል፤ ነጭ ካንዴላ ግን ሞተር ይገድላል። ስለዚህ ወዳጄ የፋብሪካዋን ብሎን በወረቀት ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ይይዛታል፤ ወደ አዋሽ ሲወርድም ሞጆ ላይ ከመንገድ ወጣ ብሎ፥ ሞተሩ እስኪበርድ ሻይ ይጠጣና ይለውጣታል።