የውሻ ሕመም ምልክቶችና አጥንት የተሰነቀረበት የሚመስል ውሻ

ላም ግጦሽ ስትተው ባለቤቷ በዕለቱ ያውቃል። ውሻ ግን ሕመሙን ይደብቃል፤ ቢያመውም ብዙ ጊዜ ሳይጮኽ ከአጥር ጥግ ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ልናይ የሚገባን የጠባዩን ለውጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ ይጮኽ የነበረው ዝም ካለ፣ ጀርባውን ካጎበጠ፣ አንድ ቦታ ደጋግሞ ከላሰ ወይም ሲነኩት ካጉረመረመ ሳያመው አይቀርም።

የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ይህንንም የጎድኑን መነሣትና መውደቅ ከሩቅ በመቁጠር ማወቅ ይቻላል። ሆዱ ተነፍቶ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም የማይወጣው ውሻ፣ እንዲሁም የሚያስታውክና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ቡችላ ለነገ አይባልም። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ግን ጉበቱንና ኩላሊቱን ሊጎዳ ስለሚችል አይሰጠው።

አጥብቀን የምናሳስበው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። ብዙ ሰው እብድ ውሻ ሲባል የሚሮጥና የሚናከስ ብቻ ይመስለዋል። ጸጥ ያለም ዓይነት አለ። የታችኛው መንጋጋው ይወርዳል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ ኋላም እግሮቹ ይዝላሉ። ባለቤቱም አዝኖ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ይልና እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል። በሽታው በለሃጭ ስለሚተላለፍ በጣት ላይ ያለች ጭረት ትበቃዋለች። እንዲህ ያለውን ውሻ ሳይነኩ፣ ልጆችንም አርቆ፣ በር ዘግቶበት የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል።

የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲወሰድ ነው። የሚያስቆጨንም ወደ ባሕል ሐኪም ሲመላለሱ የሚባክነው ቀን ነው።

ደኅና የሚመስል ውሻ ሰው ቢነክስ በችኮላ አይገደል። ለብቻው ታስሮ 10 ቀን ይታይ። የተነከሰው ሰው ክትባት ግን ይህን ሳይጠብቅ ይጀመራል።