በቴኳንዶ የቡድን ውድድር የሚደርስ የአንጎል መናወጥና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

ቴኳንዶ ከኮሪያ የመነጨ፣ በእግርና በእጅ ምት ላይ የተመሠረተ ስፖርት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ሁለት ዋና ዋና ሥርዓቶች አሉት። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የዓለም አቀፍ ቴኳንዶ ፌዴሬሽን (አይቲኤፍ) ሥርዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1973 ተመሥርቶ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ በሚባለው ድርጅት የሚመራው ነው። ይኸኛው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ስፖርት ለመሆን በቅቷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ከ58 ኪሎ ግራም በታች በሚወዳደሩት ምድብ በሰለሞን ቱፋ ተወክላለች።

ስፖርቱ በአገራችን በበርካታ ከተሞች ይዘወተራል። በመሆኑም በውድድር የተጎዳ ወጣት በወላይታ ዞን እንደ ገሱባ ባለች ከተማ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሊመጣ እንደሚችል መገመት ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቡድን ውድድር ወቅት በጭንቅላት ላይ የሚደርስ ጉዳት ለምን በቀላሉ እንደሚሸሸግና የጤና ባለሙያው ምን ሊያደርግ እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

የቡድን ውድድር ባሕርይ

በኦሊምፒክ ተወዳዳሪው የሚጋጠመው ለራሱ ውጤት ነው። በቡድን ውድድር ግን የአንዱ መውጣት የሁሉንም ዕድል ይነካል። በአይቲኤፍ የቡድን ፍልሚያ አምስት ተሰላፊዎችና አንድ ተጠባባቂ ይኖራሉ፤ የአምስቱ ግጥሚያዎች ነጥብ ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። በዚህ ፍልሚያ የክብደት ምድብ ስለማይለይ ቀላል ክብደት ያለው ተወዳዳሪ ከእርሱ እጅግ ከሚከብድ ባላጋራ ጋር ሊገጥም ይችላል። ወርልድ ቴኳንዶም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቡድን የዓለም ዋንጫ ሲያካሂድ ቆይቷል። በዚህኛው ሥርዓት በእጅ ጭንቅላትን መምታት የተከለከለ ቢሆንም፣ ጭንቅላትን በእግር መምታት የተፈቀደና ከፍ ያለ ነጥብ የሚያስገኝ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ችግሮች በአንድነት እንደሚከሠቱ መረዳት ይቻላል። ምቱ ጭንቅላት ላይ ያነጣጥራል፤ የተመታውም ሰው ጓደኞቹን እንዳያሳፍር ሲል ሕመሙን ይደብቃል።

በውድድር ሥፍራ

የአንጎል መናወጥ ማለት ጭንቅላት ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል ሲመታ ወደ አንጎል በሚተላለፍ ኃይል የሚመጣ የአሠራር መታወክ ነው። ብዙዎች ራስን መሳት የግድ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ተጎጂዎች ራሳቸውን አይስቱም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ የቅርብ ጊዜ ነገርን መርሳት፣ ሚዛን ማጣትና የብርሃን መጥላት ዋና ዋና ምልክቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ምልክቶች ከሰዓታት በኋላ ሊታዩ ይችላሉ።

በወርልድ ቴኳንዶ ደንብ ለተጎዳ ተወዳዳሪ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። ለባለሙያዎች የተዘጋጀው ስካት 6 የተባለው መመርመሪያ ግን በአግባቡ ለመሥራት ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠይቃል። ስለዚህ በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ጤነኛ ነው» ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም። የሚቻለው ጥርጣሬ መኖሩን መወሰን ነው። ጥርጣሬ ካለ ተወዳዳሪው በዚያን ዕለት ዳግም መሰለፍ የለበትም። ተጠባባቂ እንዲኖር መደረጉም ለዚህ ይጠቅማል፤ ባለሙያው የተጎዳውን ሲያስወጣ ቡድኑን ለሽንፈት እንዳልዳረገ ለአሰልጣኙ ሊያስረዳ ይገባል።

በጤና ተቋም

ከሶዶ፣ ከሐዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ ውድድር የተመለሰ ወጣት ለሕክምና የሚቀርበው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔም የሚናገረው ስለ ራስ ምታቱ እንጂ ስለ ምቱ ላይሆን ይችላል። ወባ ባለበት አካባቢ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቀድሞ የሚያስጠረጥሩት ወባን ነው። የወባ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ቢሆንም፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን «በቅርቡ ጭንቅላትህን ተመትተሃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ውኃ መከልከልም ማዞርና ራስ ምታት ስለሚያስከትል፣ ምልክቶቹ በዚህ ብቻ ተመካኝተው እንዳይታለፉ መጠንቀቅ ያሻል።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲገኙ ሳይዘገይ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል፦

• እየበረታ የሚሄድ ራስ ምታት ወይም ተደጋጋሚ ትውከት፤
• የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ፤
• የንቃት መቀነስ ወይም ያልተለመደ ቁጣና መቅበጥበጥ፤
• የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ መደንዘዝ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፤
• የአንገት ሕመም (ተጎጂው አንገቱ ሳይንቀሳቀስ መጓጓዝ አለበት)።

እነዚህ የማይታዩበት ተጎጂ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻውን እንዳይሆን፣ ሞተር ብስክሌት እንዳይነዳ፣ የአልኮል መጠጥና አስፕሪን እንዳይወስድ ለቤተሰቡ መንገር ይገባል።

ወደ ልምምድ መመለስ

ለረጅም ጊዜ በጨለማ ክፍል መተኛት ዛሬ አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስተርዳም የተደረሰበት የባለሙያዎች ስምምነት ከ24 እስከ 48 ሰዓት መጠነኛ ዕረፍት፣ ከዚያም እንደ እግር ጉዞ ያለ ቀላል እንቅስቃሴ ይመክራል። ቀጣዮቹ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 24 ሰዓት ይወስዳሉ። ተማሪ የሆነ ወጣት ወደ ሙሉ ውድድር ከመመለሱ በፊት ትምህርቱን ያለ ችግር መከታተል አለበት። ፍልሚያ ያለበት ልምምድ የሚፈቀደው ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ከጠፉና ሐኪም ካረጋገጠ በኋላ ነው። የወርልድ ቴኳንዶ ደንብም በጭንቅላት ምት የተዘረረ ተወዳዳሪ ለ30 ቀናት እንዳይወዳደር ይከለክላል።

ማጠቃለያ

አንጎል ከመጀመሪያው ጉዳት ሳያገግም ሁለተኛ ምት ቢያርፍበት ማገገሙ ይዘገያል፤ አልፎ አልፎም በተለይ በወጣቶች ላይ ሕይወትን የሚያሳጣ የአንጎል እብጠት ሊከተል ይችላል። ተወዳዳሪው ለጓደኞቹ ሲል፣ አሰልጣኙም ለውጤቱ ሲል ጉዳቱን አቅልሎ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ውሳኔው ከቡድኑ ስሜት ውጭ በሆነ ሰው እጅ መሆን አለበት። በገሱባም ሆነ በሌላ ሥፍራ ያ ሰው የጤና ባለሙያው ነው። ከውድድር በፊት ከአሰልጣኞች ጋር ተገናኝቶ «የተጠረጠረ ይወጣል» በሚለው መርሕ ላይ መስማማት፣ በግጥሚያው መካከል ከሚነሣ ክርክር ያድናል።