«ኤሊየን»፦ ካልተሠራ ፊልም የተወለደው ጭራቅ

እ.ኤ.አ. በ1979 ለእይታ የበቃው «ኤሊየን» ሴራው ቀላል ነው፤ የሌላ ዓለም ፍጡር የጭነት መንኮራኩር ውስጥ ገብቶ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ይጨርሳል። ፊልሙ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ነው። ብዙዎቹን ባለሙያዎች ያስተዋወቀው ግን ከናካቴው ያልተቀረጸ ሌላ ፊልም ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ቺሊያዊው አሌሃንድሮ ሆዶሮቭስኪ የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» ልብ ወለድ ፊልም ለማድረግ ተነሣ። ስዊዘርላንዳዊውን ሠዓሊ ኤች አር ጊገርን፣ ፈረንሳዊውን ሞቢየስን፣ እንግሊዛዊውን ክሪስ ፎስንና አሜሪካዊውን ዳን ኦባነንን አሰባሰበ። ገንዘብ ጠፍቶ ሥራው ሲቋረጥ ኦባነን ባዶ እጁን ሎስ አንጀለስ ገባ፤ ጓደኛው ሮናልድ ሹሴት ቤት ተጠግቶም የ«ኤሊየን»ን ድርሰት ጻፈ።

ኦባነን ከዚያ በፊት ከጆን ካርፔንተር ጋር በሠራው «ዳርክ ስታር» (1974) ውስጥ የባዕዱን ፍጡር ሚና የተጫወተው የባሕር ዳርቻ ኳስ ነበር። ያ ለማሳቅ ነበር፤ አሁን ማስፈራራት ፈለገ። ፍጡሩ በሰው አካል ውስጥ አድጎ ደረት ፈንቅሎ መውጣቱ፣ እንቁላላቸውን በሌላ ነፍሳት ገላ ውስጥ የሚጥሉ ተርቦችን አኗኗር ይከተላል።

ስኮት የጊገርን የሥዕል መጽሐፍ ሲገልጥ «ኔክሮኖም 4» የተባለውን የ1976 ሥራ አየ፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የረዘመ፣ አጥንትና ብረት የተቀላቀለበት አካል። የሚፈልገውን ጭራቅ እዚያው አገኘ። ደረት ፈንቅሎ ለሚወጣው ግልገል ደግሞ የፍራንሲስ ቤከንን የ1944 ሥዕል፣ አፋቸውን የከፈቱትን አካላት፣ መነሻ አደረገ።

ስኮት ሥራውን ያከፋፈለበት መንገድ ብልሃት ነበረው። ባዕድ የሆነውን ሁሉ ለጊገር ሰጠ፤ የመንኮራኩሩን ውስጥ ደግሞ ሮን ኮብ የከባድ መኪና ጋቢና ያህል ያገለገለና የተዝረከረከ አድርጎ ነደፈው። የጠፈር ልብሱ የሞቢየስ ነው። የመንኮራኩሩ ስም «ኖስትሮሞ» ከጆሴፍ ኮንራድ የ1904 ልብ ወለድ ተወስዷል። የጭራቁን ልብስ ለብሶ የተወነው ለንደን ይማር የነበረው ናይጄሪያዊ ቦላጂ ባዴጆ ሲሆን ቁመቱ ከ2 ሜትር ያልፍ ነበር።

ከተርብ፣ ከሥዕልና ከልብ ወለድ የተበደረው ፊልም ተመልካቹን ያስደነገጠው በዚሁ ክፍፍል ነው፦ የሰው የሆነው ሁሉ የሚታወቅ፣ ባዕዱ ደግሞ ከምንም የማይመሳሰል ሆነ። በ1980 የእይታ ውጤት ኦስካርን ከወሰዱት መካከልም ጊገር ነበረበት።