አስፋልቱ ሳይቆረጥ የሚለወጥ ቧንቧ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የወጣ ሰው ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ የወጣ ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የወጣ ደግሞ ሱሉልታን ሳይረግጥ አያልፍም። ሦስቱም ከተሞች ያደጉት አንድ አውራ ጎዳና ተከትለው፣ በግራና በቀኙ ተሰልፈው ነው። ገበያው፣ ባንኩ፣ ጋራዡ፣ የባጃጁ ተራ ሁሉ እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ስለዚህ ከጎዳናው ሥር የተዘረጋ ቧንቧ ተበላሽቶ አስፋልቱ ሲቆረጥ የሚቆመው የሰፈሩ ታክሲ ብቻ አይደለም፤ ከጅማ ቡና፣ ከጎጃም ጤፍ የጫነው ከባድ መኪናም አብሮ ይሰለፋል።

ቧንቧ የሚቀየርበትን የተለመደ መንገድ ማንም ያውቀዋል። ኤክስካቫተር ይመጣል፣ ሁለትና ሦስት ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩ በሱቆቹ በር ላይ ይከመራል፤ በመሀል የውሃ መስመር ወይም የቴሌ ገመድ ይበጠሳል። አፈሩ ከተመለሰ በኋላም ነገሩ አያበቃም። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ቦይ ክረምቱ ሲገባ ይሰምጥና አስፋልቱ ላይ መኪና የሚያንገጫግጭ ጎድጓዳ መስመር ትቶ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ሳያደርጉ ከመሬት በታች ያለን ቧንቧ ማደስ ከተጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል።

በጣም የሚያስገርመው ዘዴ አሮጌውን ቧንቧ እዚያው በተቀበረበት ሰብሮ አዲሱን በቦታው የሚያስገባው ነው። በሚቀየረው መስመር ሁለት ጫፍ አንድ አንድ ጉድጓድ ይዘጋጃል፤ ብዙ ጊዜ ነባሩ ማንሆል ያለበት ቦታ ይመረጣል። በአንደኛው ጉድጓድ ውስጥ የሃይድሮሊክ ማሽን ይቀመጥና እርስ በርስ የሚገጣጠሙ የብረት ዘንጎችን በአሮጌው ቧንቧ ሆድ ውስጥ እየገፋ እስከ ሌላኛው ጉድጓድ ያደርሳል። እዚያ በዘንጉ ጫፍ ላይ ከቧንቧው የሚወፍር ሾጣጣ የብረት ራስ ይታሰራል፤ ከራሱም ኋላ አዲሱ ቧንቧ ይያያዛል። ከዚያ ማሽኑ መልሶ መሳብ ይጀምራል። ሾጣጣው ባለፈበት ሁሉ የሸክላው፣ የሲሚንቶው ወይም የካስት አይረኑ ቧንቧ ይፈረካከስና ስባሪው በዙሪያው ወዳለው አፈር ይገፋል። በተከፈተው ክፍተት አዲሱ ቧንቧ ይገባል። ስባሪውን የሚያወጣው የለም፤ ተቀብሮ ይቀራል። የማሽኑ የመሳብ ጉልበት እንደ መጠኑ ከጥቂት አሥር ቶን ተነሥቶ ከ100 ቶን በላይ ይደርሳል። ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ 100 ሜትር የሚሆን መስመር በአንድ ቀን ሊሳብ ይችላል።

አዲሱ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ኤች.ዲ.ፒ.ኢ. የሚባለው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ቁራጮቹ ከመሬት በላይ፣ ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በጋለ ሳህን ጫፋቸው ቀልጦ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አንድ ወጥ ረጅም ቧንቧ ስለሚሆን የዛፍ ሥር የሚሾልክበት መጋጠሚያ አይኖረውም። ሌላም ትርፍ አለው፦ ሾጣጣው ሰፋ ካለ አዲሱ ቧንቧ ከአሮጌው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ የሚተልቅ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ ለጨመረበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዘዴው የተወለደው ለፍሳሽ ተብሎ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ዲ. ጄ. ራያን ኤንድ ሰንስ የተባለ የእንግሊዝ ሥራ ተቋራጭ ከብሪቲሽ ጋዝ ጋር ሆኖ ያረጁ ባለ 3 እና ባለ 4 ኢንች የጋዝ ቧንቧዎችን ለመቀየር ያወጣው ነው። ወደ ውሃና ወደ ፍሳሽ መስመር የተሻገረው በኋላ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ምንም አይሰብርም። ኤሪክ ውድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ፣ ሃክኒ በተባለው ሰፈር፣ የሚያፈስስ የጡብ ፍሳሽ መስመር ውስጥ ሬዚን የተባለ እንደ ሙጫ ያለ ፈሳሽ የጠጣ የጨርቅ ከረጢት አስገባ። ከረጢቱ በውሃ ወይም በአየር ግፊት እንደ ካልሲ እየተገለበጠ በመስመሩ ውስጥ ይሄዳል፤ ተነፍቶም ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል። ከዚያ በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎት ወይም በዛሬው አሠራር በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ሬዚኑ እንዲጠነክር ይደረጋል። ውጤቱ በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ የተሠራ፣ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር አዲስ ቧንቧ ነው። ውስጡ በመጠኑ ይጠብባል፤ ልስላሴው ግን ፍሰቱን ስለሚያፋጥነው ጥበቱ ብዙም አይጎዳም። ከጎን የሚገቡ የቤት መስመሮችን አፍ ግን ጨርቁ ይደፍናቸዋል። ስለዚህ ካሜራና መቁረጫ የያዘች ትንሽ ሮቦት ገብታ አንድ በአንድ ትከፍታቸዋለች።

1971 ለዚህ ሙያ የተመረጠ ዓመት ይመስላል። በካሊፎርኒያ ማርቲን ቼሪንግተን በፓሃሮ ወንዝ ሥር በአግድም ሰርስሮ ቧንቧ ያሳለፈው በዚሁ ዓመት ነው። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመውም እንዲሁ።

ነገር ግን ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ጉዳዩ ከለንደን የሚለይበት ትልቅ ነጥብ አለ። ለንደን የሚያረጅ የፍሳሽ መረብ ነበራት። በሦስቱ ከተሞች አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው በጉድጓድ ሽንት ቤት ወይም በሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ሲሞላ የፍሳሽ ማንሻ ቦቴ ይጠራል። የተዘረጋ የፍሳሽ መረብ የሚገኘው በጎረቤት፣ በአዲስ አበባ ነው፤ እሱም ቢሆን ከተማዋን ሁሉ አያዳርስም። የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሲሠራ በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ገደማ ለማጣራት የታሰበ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጠናቀቀው አዲሱ ጣቢያ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲይዝ ተደርጎ ተገንብቷል። ሦስቱ ከተሞች ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። መስመር መዘርጋታቸው አይቀርም። ጥያቄው የሚዘረጋው ቧንቧ በምን ዓይነት መሬት ውስጥ ይተኛል የሚለው ነው።

መሬቱ ደግሞ ለቧንቧ አመቺ አይደለም። የሱሉልታ ሜዳና የሰበታ ዝቅተኛ ቦታዎች መረሬ፣ ጥቁር አፈር ናቸው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከዓመት ዓመት ሲያነሣና ሲያወርድ የሲሚንቶ ቧንቧን መጋጠሚያ ያላቅቃል፤ የፕላስቲኩንም ተዳፋት ያዛባል። የተላቀቀውን መጋጠሚያ ደግሞ ባሕር ዛፍ ቶሎ ያገኘዋል። በእንጦጦ ጀርባም ሆነ በየግቢው አጥር ጥግ የቆመው ባሕር ዛፍ ውሃ ፍለጋ የሚልከው ሥር ፀጉር በምታህል ቀዳዳ ገብቶ ውስጥ ይወፍራል፤ በመጨረሻም ቧንቧውን ይደፍነዋል።

ከላይ የሚመጣም ጥቃት አለ። ፍሳሽ አየር አጥቶ ሲቆይ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ከውሃው በላይ ባለው እርጥብ የቧንቧ ጣሪያ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋዙን ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ሲሚንቶን ይበላል። ለዚህ ነው ብዙ የሲሚንቶ መስመር ከታች ደህና መስሎ ከጣሪያው የሚናደው።

እዚህ ላይ የቁፋሮ አልባው ዘዴ ሻጮች ቶሎ የማይናገሩት ነገር አለ። ሰባሪው ራስ የሚሄደው አሮጌው ቧንቧ በሄደበት ነው። ፍሳሽ የሚወርደው በተዳፋት ስለሆነ፣ ለምሳሌ በ100 ሜትር አንድ ሜትር ያህል፣ ጥቁር አፈር መሀሉን ያሰመጠው መስመር ቢሰበርና ቢተካም አዲሱ ቧንቧ ያንኑ ስምጠት ይወርሳል። ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ጭቃው ይከማቻል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም መደፈኑ ይመለሳል። እንዲህ ላለው ቦታ ትክክለኛው መፍትሔ መቆፈር ነው። በቡራዩ በኩል፣ በወጨጫ ግርጌ፣ ችግሩ ሌላ ነው። በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ በጠባብ ተፈልፍሎ የተቀበረ ቧንቧ ሲሰበር ስባሪው የሚገፋበት አፈር አያገኝም፤ እዚያ የኤሪክ ውድ ከረጢት ይሻላል። ከመሬት ወለል ብዙ ያልራቀ መስመር ሲሰበር ደግሞ ከላይ ያለውን መንገድ ያሳብጣል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ ካለም ይጎዳል። ክረምትም አይመከርም። በሐምሌ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት የማሽኑ ጉድጓድ ኩሬ ይሆናል። ሥራው የጥቅምትና ከዚያ በኋላ ያሉት የደረቁ ወራት ነው።

ኮብልስቶን የተነጠፈባቸው የውስጥ መንገዶችም አሉ። ድንጋዩ በእጅ ተነሥቶ፣ ቦዩ ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ መልሶ ይደረደራል፤ የቀን ሠራተኛም ሥራ ያገኛል። ከውጭ በዶላር የሚመጣ የሃይድሮሊክ ማሽን እዚህ ቦታ ላይ ቅንጦት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማሽኑ ዋጋውን የሚያወጣው በሦስቱ አውራ ጎዳናዎች ሥር ነው። በሰበታ ደግሞ በባቡር ሐዲዱ ሥር። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚገባው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውና ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ቧንቧ ለመቅበር ተብሎ አይነሣም። ለሐዲድ ሥር የቆየ ብልሃት አለ፦ በአንድ ወገን ጉድጓድ ውስጥ ትልልቅ የሃይድሮሊክ ክሪኮች ተደግነው ቧንቧውን እንዳለ በአፈሩ ውስጥ ይገፋሉ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው አፈርም እየተዛቀ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ የኖርዘርን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ይህን የጀመረው በ1890ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ በገባው ሰፊ ቧንቧ ውስጥ የፍሳሹ ቧንቧ ከተሳበ፣ ወደፊት ሲበላሽ ሐዲዱ ሳይነካ ስቦ ማውጣት ይቻላል።

ከመንገዱ በታች ያለው ውሃም ሊታሰብ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድቦች አንዱ የሆነው ገፈርሳ ያለው በቡራዩ በኩል ነው። በሱሉልታ የከርሰ ምድር ውሃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች አሉ። የሱሉልታ ሜዳ ወደ ሙገር፣ በእርሱም ወደ ዓባይ ይፈስሳል፤ የሰበታ ወንዝ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ተሰንጥቆ ዝም ብሎ የሚያፈስስ ቧንቧ ማንሆል ላይ ካልገነፈለ በቀር የሚያየው የለም፤ የሚያጠፋው ግን ይህንኑ ውሃ ነው። ስለሆነም ማንኛውም ጥገና የሚጀምረው በገመድ የሚጎተት ካሜራ ወደ መስመሩ በመስደድ ነው። የቱ ጋ ተሰንጥቋል፣ የቱ ጋ ሰምጧል፣ የቱ ጋ ሥር ገብቷል የሚለው ሳይታወቅ ማሽን መከራየት ገንዘብ መጣል ነው።

ዘዴው በግቢ ደረጃም ይሠራል። ከቤት እስከ ሴፕቲክ ታንክ የሚሄደው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ በሴራሚክ ወይም በኮንክሪት ንጣፍ ሥር ሲበላሽ፣ በብረት ዘንግ ፈንታ በብረት ገመድ የሚስቡ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያስገባቸው ትንንሽ ማሽኖች በሌላው ዓለም የተለመዱ ናቸው። ፒቪሲ እንደ ሸክላ ስለማይፈረካከስ ሾጣጣው ላይ ስለት ይታከልበታል፤ ስለቱ ቧንቧውን ቀድዶ ያልፋል።

የሸገር ከተማ መሐንዲሶች የነገ ሥራቸው እንዲቀልላቸው ከዛሬ ጀምረው ማድረግ የሚችሉት ጥቂት ነገር ነው። ከማንሆል እስከ ማንሆል መስመሩ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ጎዳና የሚያቋርጠው ቧንቧ ሁሉ በሰፊ ማቀፊያ ቧንቧ ውስጥ ይለፍ፤ ጥልቀቱና አቅጣጫው በካርታ ይመዝገብ። የኮሪደር ልማት መንገዶችን እየከፈተ ባለበት በዚህ ወቅት ይህን ማድረግ ርካሽ ነው፤ አስፋልቱ ከለበሰ በኋላ ግን አይደለም። ግቢውን ሊያነጥፍ የተዘጋጀ የሰበታ፣ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ነዋሪም ቧንቧው ገና ሳይሸፈን ፎቶ ያንሣው፤ ከግድግዳው ያለውን ርቀትና ጥልቀቱንም ለክቶ ከቤቱ ካርታ ጋር ያኑረው።