የመጠለያው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ከደማም ተነስቶ ሪያድ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ጅዳ ያለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ደግሞ በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ፣ በቀይ ባሕር ዳር ነው። ደመወዟን ለወራት የተከለከለች ወይም የተደበደበች እህት ሌሊት በር ከፍታ ስትወጣ ብዙ ጊዜ በእጇ ያለው ስልክና አንድ ቦርሳ ብቻ ነው። ኢቃማዋና ፓስፖርቷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል። ታዲያ ያን ሌሊት የት ትደር?

አርብ ከሰዓት በደማም ሴይኮ ወይም በኮበር ቱቅባ ሁለት ሐበሾች ሲገናኙ፣ ማታም በኢሞ ድምፅ መላላክ ሲጀመር፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። የራሳችንን መጠለያ እንክፈት ወይስ አንክፈት? አንድ ሰሞን ይጋጋላል፣ ከዚያ ይበርዳል፣ አንዲት ልጅ መንገድ ላይ ስትገኝ እንደገና ይነሳል።

እንክፈት የሚሉት ወገኖች ምሳሌያቸውን ከአገር ቤት ያመጣሉ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረተው መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስጠልሏል። ከአረብ አገር ታመው የተመለሱ እህቶችን የሚቀበለው አጋር ኢትዮጵያም አለ። እነዚህ በሕዝብ መዋጮና በበጎ ፈቃድ ይህን ካደረጉ፣ እኛ በሪያል የምንከፈለው አንድ ቪላ ተከራይተን ጥቂት ፍራሽ ማንጠፍ እንዴት ያቅተናል ይላሉ። እያንዳንዱ ሰው በወር የአንድ የስልክ ካርድ ዋጋ ቢያወጣ ይበቃል ባዮች ናቸው።

አይሆንም የሚሉትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ በኖቬምበር 2013 የተጀመረውን አፈሳ ያዩ ናቸው። ያኔ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙ ሰው አንድ ቤት ውስጥ መሰብሰብ እነሱን ያስፈራቸዋል። ሌሎቹ የሚፈሩት ደላላን ነው። ደላላ መጠለያው በር ላይ ቆሞ «እኔ የተሻለ ሥራ አለኝ» እያለ ልጆቹን አንድ በአንድ ይወስዳል፤ ወዴት እንደወሰዳቸው ማንም አይጠይቅም። በኮንትራት ቤት ያሉትን ልጆች ለመጥፋት ያደፋፍራል የሚል ሦስተኛ ሐሳብም አለ። ይህ የአሠሪዎችም ሐሳብ ነው። ለቅጥር ብዙ ሺህ ሪያል ከፍለው ሠራተኛዋ የሄደችባቸው ሰዎች ምሬት በአረብኛ ጋዜጦች በየጊዜው ይወጣል።

እኔን በዚህ ክርክር ውስጥ የሚያሳስበኝ ሁለቱም ወገን ስለ ሕጉ እምብዛም አለማንሳቱ ነው። በሳዑዲ ሕግ ሥራ ጥላ ጠፍታለች ተብሎ የተመዘገበባትን ሴት ቤቱ ያሳደረ፣ ያጓጓዘ ወይም ያሠራ የውጭ አገር ዜጋ እስከ 100 ሺህ ሪያል ቅጣት፣ እስከ 6 ወር እስራትና ከአገር መባረር ሊደርስበት ይችላል። ያለ ፈቃድ ከሰው ገንዘብ ማሰባሰብም የተከለከለ ነው። ስለዚህ የቱቅባው ቪላ የቱንም ያህል በቅን ልብ ቢከፈት፣ በመጀመሪያው ፍተሻ የተጠለለችውም ያስጠለለችውም አብረው ተርሂል ይገባሉ። ለአዲስ አበባ የሚሠራው የመቄዶንያ ምሳሌ እዚህ የማይሠራው ለዚህ ነው። ደግነት አንሶን አይደለም።

ታዲያ ሕጋዊ መጠለያ የለም ወይ? አለ። የሳዑዲ መንግሥት ለቤት ሠራተኞች የከፈታቸው መጠለያዎች ከቆዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሪያዱ ከሁሉም በላይ ይታወቃል። በእኛ ሰው ዘንድ ግን ስሙ ከተርሂል ጋር ተደባልቋል። ቃላቱን እንያቸው። አረብኛው «ኢዋእ» ይላል፤ ማስጠለል፣ ማስጠጋት ማለት ነው። «መእዋ» የሚለው ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ሙስሊም እህቶች ጀነተል መእዋ ከሚለው ስም ያውቁታል። «ተርሂል» ደግሞ ማጓዝ፣ ከአገር ማስወጣት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቦታዎች፣ የተለያዩ በሮች ናቸው። ወደ አማርኛ ስንመልሰው ግን ጣጣ አለ። አንዳንድ ሰው መጠለያውን «ማረፊያ ቤት» ይለዋል፤ ማረፊያ ቤት በእኛ አገር ፖሊስ ተጠርጣሪ የሚያስቀምጥበት ነው። ይህን የሰማች ልጅ በገዛ እግሯ እዚያ እንድትሄድ መጠበቅ ይከብዳል።

ፍርሃቱ ከቃል ስህተት ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 በሳዑዲ ስላሉ የእስያ የቤት ሠራተኞች ያወጣው ሰፊ ጥናት ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይናገራል። ሴቶቹ እንደልባቸው መውጣት አይችሉም ነበር። ብዙዎቹ ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ትተው፣ በምትኩ የመውጫ ቪዛ ተቀብለው ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። ኤምባሲዎች ራሳቸው የከፈቷቸው መጠለያዎችም ቢሆኑ ከአቅማቸው በላይ ተጨናንቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕግ ተለውጧል። የመጠለያ ነገር ሲነሳ ግን ልንጠይቅ የሚገባን አሁንም ያው ይመስለኛል። ስለ ፍራሹ ብዛት ከማውራታችን በፊት፦ የገባችው ሴት መውጣት ትችላለች? ስልኳ እጇ ላይ ይቆያል? ደመወዟን የሚከራከርላት ሰው አለ? አስተርጓሚውስ ማነው፣ የእሷ ነው ወይስ የመክተቡ?

የመጨረሻውን ጥያቄ በሙያዬ ምክንያት ያነሳሁት ሊመስል ይችላል፣ ይሁን። በአንድ ክርክር ላይ «ደመወዜን አልተቀበልኩም» ያለችውን አስተርጓሚው «ሥራ አልፈልግም ትላለች» ብሎ ከመለሰው ጉዳዩ እዚያው አልቋል።

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤት እንይ። ከኮበር ዳርቻ ቆመን የምናየው፣ በ1986 የተከፈተው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕሬን ያደርሳል። እዚያ የሥራ ገበያ ባለሥልጣኑ በ2015 ሰህላ በተባለ ቦታ የውጭ ሠራተኞች መከላከያ ማዕከል ከፍቷል። ማደሪያው ለወንድና ለሴት ተለይቷል፣ የምክርና የሕግ አገልግሎቱም እዚያው ነው። ኩዌት በ2014 ጅሊብ ውስጥ እስከ 500 ሴቶች የሚይዝ መጠለያ ከፍታለች። ሁለቱም ሲከፈቱ «ጠፊ ያበዛል» የሚለው ወሬ እዚያም ነበር።

ፊሊፒኖች ደግሞ ጉዳዩን በሕግ ጨርሰውታል። በማርች 1995 ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች የቤት ሠራተኛቸው ሲንጋፖር ውስጥ በሞት ከተቀጣች በኋላ አገሩ በቁጣ ተነሳ፤ በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኛ ባላቸው አገሮች ሁሉ፣ ቅዳሜና እሑድ በዓልም ሳይል 24 ሰዓት ክፍት የሚሆን ማዕከል መንግሥታቸው እንዲያቆም ይደነግጋል። እዚሁ ኮበር ውስጥ የሠራተኛ ቢሮ አላቸው። ፊሊፒናዊቷ ጎረቤታችሁ ስትቸገር ወዴት እንደምትደውል የምታውቀው ለዚህ ነው።

የእኛስ? አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ በሚላክባቸው አገሮች የሠራተኛ ጉዳይ አታሼ እንዲመደብ ይፈቅዳል። ያው አዋጅ ሲወጣ ላኪ ኤጀንሲ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኝ ብር በዋስትና እንዲያስይዝ አዟል፤ ለሠራተኛዋ መብት ኤጀንሲውና አሠሪው አብረው ይጠየቃሉ። እንግዲህ ከአንድ ልጅ 800 ወይም 1,000 ሪያል ደመወዝ ላይ መዋጮ ከመጠየቃችን በፊት፣ በስሟ የተያዘ ዋስትና እንዳለ ማስታወስ ይገባል። ለመጠለያው ወጪ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ከዚህ መጀመር ነበረበት።

ኤምባሲ ሩቅ ሲሆን ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል እንዳልል፣ ቤይሩት ላይ የሆነው ቅርብም ነበር። በጁን 2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ከነሻንጣቸው ሐዝሚየ በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አራግፈው ሄዱ። ሴቶቹ አስፋልት ላይ አደሩ። ቅርበት ብቻውን በር አይከፍትም።

በደማም ለእኛ የሚሆን አርአያ አለ ብዬ የማምነው ሕንዶች ዘንድ ነው። በተለይ የኬረላ ሰዎች የራሳቸውን ቤት አልከፈቱም። ኤምባሲያቸው የሚያውቃቸው በጎ ፈቃደኞች በመንግሥት መጠለያው፣ በፖሊስ ጣቢያና በኤምባሲው መካከል እየተመላለሱ ጉዳይ ይከታተላሉ፤ ቲኬት ያፈላልጋሉ፣ አሠሪውን ያነጋግራሉ። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ፎቶ ላይ አያምርም። ነገር ግን አረብኛ የሚችሉ አምስትና ስድስት ሐበሾች ኤምባሲው በደብዳቤ ቢያውቃቸው፣ ከአንድ ቪላ ይልቅ ለብዙ ሴቶች ይደርሳሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሪያድ አንድ ፊርማ ነው። ክርክራችንን ወደዚያ ብናዞረው እመርጣለሁ።

በመጠለያ የመቆያውን ጊዜ የሚያረዝመው ብዙውን ጊዜ የደመወዝ ክርክር ነው፤ ከፍያለሁ፣ አልተከፈለኝም። በዚህ በኩል ነገሩ እየቀለለ ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአዲስ ኮንትራት፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እስከ ጃንዋሪ 2026 በሁሉም ኮንትራት፣ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በሙሳነድ በኩል በባንክ ወይም በስልክ ቦርሳ እንዲከፈል ተደርጓል። ማስረጃው ከአሠሪው አፍ ወጥቶ ወረቀት ላይ ገብቷል። አዲሱ የቤት ሠራተኞች ደንብም በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፣ ፓስፖርት መያዝን ይከለክላል። ከ90 ቀን የሙከራ ጊዜ በፊት ችግር ከመጣ ተጠያቂው መክተቡ ነው፣ ልጅቷም ወደ እሱ ትመለሳለች። ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው፤ መክተቡ ጊዜዬ አልቋል ይላል፣ ከፊል አልፈታም ይላል።

እስከዚያው ድረስ፣ እህቶች፣ ከቤት ከመውጣት በፊት የሚሆን ነገር አለ። የኮንትራቱን፣ የኢቃማውንና የፓስፖርቱን ፎቶ አንስታችሁ አገር ቤት ላለ የቅርብ ሰው ላኩ። የከፊላችሁን ሙሉ ስምና የሰፈሩን ስም ጻፉ። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ቁጥር 19911 ነው፤ የጠፋች ተብሎ ሳይመዘገብባችሁ ቀድማችሁ ከደወላችሁ አቤቱታችሁ በቀን ተመዝግቦ ይቆያል። በሐሰት «ሁሩብ» ብታመለክት መዳም ወይም ባባ፣ ያ ቀን ይመሰክራል።

ፖሊስ ጣቢያ ከገባችሁም የመጀመሪያዋ ቃል ትወስናለች። ብዙዎቻችን ከድንጋጤ የተነሳ «ሀረብት» እንላለን፤ ጠፋሁ፣ ሸሸሁ ማለት ነው፣ መዝጋቢውም እንደዚያው ይጽፋል። እንዲህ በሉ፦ «አና ጃየ አሽተኪ፣ ሙ ሃርባ።» አቤት ለማለት መጣሁ፣ ጠፊ አይደለሁም።