ቤት የተጫነበት መኪና

ወረታ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አስፋልት እዚህ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ይገነጠልና በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በጋሸና አድርጎ ወልድያ ይገባል። ደረቅ ወደብ ስላላት ደግሞ ተሳቢና ሲኖትራክ ከመንገዱ ዳር አይታጣም። ሹፌሩ ከመቀመጫው ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ያድራል፣ ረዳቱ ከሸራው ሥር ይጋደማል፣ ጠዋት ፎጣው መስተዋቱ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። መኪና ላይ መኖር ለዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም።

ብርቅ የሚሆነው ሞተርሆም ሲመጣ ነበር። ጎኑ ላይ በር፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ያለው፣ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ሽንት ቤት የተሠራበት ግዙፍ መኪና። ከአውሮፓ ተነስተው ወደ ኬፕታውን የሚወርዱ፣ ወይም ከዚያ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ የሚነዱት። በመተማ ገብተው ጎንደር ያድሩ ነበር፤ ከዚያ አዲስ ዘመንን፣ ወረታንና ሐሙሲትን እያለፉ ባሕር ዳር ይደርሱ ነበር። ጎርጎራ ላይ የሆላንድ ባልና ሚስት ከጣና ዳር ያቋቋሙት ካምፕ የእነዚህ መንገደኞች የታወቀ ማረፊያ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት፣ በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት፣ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ወረታ ባለችበት ክልል የተነሳው ግጭት ተከታትለው መጡና መንገዱን አጠፉት ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ መኪናውን ማወቅ የሚፈልግ አልጠፋም። ውጭ ሀገር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው «ይዤው ብገባስ?» ይላል፤ አሮጌ አይሱዙ ያለው ደግሞ ወደ ቤት ሊለውጠው ያስባል። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው፦ ሞተርሆም ጭነት መኪና ነው። ከሌላው የሚለየው የጫነው ነገር ቤት በመሆኑ ብቻ ነው። ሻጩ ሶፋውንና የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ሲያሳይህ ዓይንህን ከሻንሲው ላይ አትንቀል።

በዚህ አገር ከባድ ነገር ይዞ መጓዝ ምን እንደሚጠይቅ ከዐፄ ቴዎድሮስ በላይ ያየ የለም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር፤ ዛሬ ባለ ሁለት አክስል የረጅም ጉዞ ሞተርሆም ከሚመዝነው ብዙም አይርቅም። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር የተነሳው ጉዞ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ንጉሡ ወራቱን የጨረሱት መድፉን በመጎተት ብቻ አልነበረም። ፊት ፊቱን ገደል እየተናደ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ መንገድ ይሠራ ነበር። የዛሬው መንገደኛ ከመድፉ ጋር ሲወዳደር ያለው ብልጫ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ነው። ከዚያ መንገድ አንድ ሜትር ወጣ ካለ ግን ወደ ቴዎድሮስ ዘመን ተመለሰ ማለት ነው።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ደለላቸውን ያራገፉበት ጥቁር ዋልካ መሬት ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ ሲዘንብ ያብጥና ውሃውን ይዞ ይተኛል። ሩዝ ፎገራን የወደደው በዚህ ባሕርይዋ ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ የተተከለውም ለዚሁ ነው። ለሩዝ የተመቸ መሬት ደግሞ ለአሥር ቶን ጎማ መቃብር ነው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። እንዲህ ያለ ጎርፍ ባይመጣ እንኳ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ማለቂያ ከአስፋልት ዳር የምታየው ለምለም ሣር ማቆሚያ አይደለም። ላዩ ደርቆ ሊታይ ይችላል፤ ከሥሩ ግን ሊጥ ነው። ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ፣ ኮብልስቶን ወይም የማደያ ሲሚንቶ ካልሆነ አትቁም። ከተያዝክም ነዳጅ እየሰጡ ጎማ ማሽከርከር ጉድጓዱን ከመቆፈር በቀር የሚፈይደው የለም። አየር ቀንስ፣ ከጎማው ፊት ጣውላ አስገባ፣ የሲኖትራክ ሹፌር እንዲጎትትህ ለምን። ሰንሰለቱ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ካለው መጎተቻ ነው። ፓራውልት ላይ ካሰርከው ይዘኸው የምትሄደው ፓራውልቱን ነው።

ወደ መኪናው እንመለስ። የጭነት መኪና ሻንሲ ሆን ተብሎ እንዲጠማዘዝ ተደርጎ ይሠራል። አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ሲገባ፣ በዚያው ጎን ያለው የኋላ ጎማ ደግሞ ጉብታ ሲወጣ ሁለቱ የብረት አግዳሚዎች ይተጣጠፋሉ፤ ባሌስትራው ያልተሸከመውን ሻንሲው ይሸከማል። ሩዝ የጫነ የእንጨት ስፖንዳ አብሮ ይላላል እንጂ አይጎዳም። ቤት ግን ሳጥን ነው፤ አይተጣጠፍም። በቀጥታ ብሎን ሻንሲው ላይ ከታሰረ ወይ ማዕዘኑ ይሰነጠቃል፣ ወይ መስኮቱ ይረግፋል፣ ወይ በሩ አልዘጋ ይላል። ደህና ባለሙያ ስለዚህ ቤቱን በሦስት ወይም በአራት ነጥብ ብቻ፣ መሐሉ ላይ በሚዞር ማንጠልጠያ ወይም በስፕሪንግ ያሳርፈዋል። ያገለገለ ሞተርሆም ልትገዛ ስትሄድ መጀመሪያ የምትገባው ከሥሩ ነው። ተኝተህ ማሠሪያዎቹን እይ፤ ቀጥለህ ውስጥ ግባና የመስኮትና የበር ማዕዘኖችን በጣትህ ዳስስ። ከማዕዘን የሚነሳ ስንጥቅ ካገኘህ፣ ባለቤቱ «ቀለሙ ነው» ቢልህም ትተኸው ሂድ። አይሱዙ የምትቀይረውም ከብየዳ ሰው ጋር ከመዋዋልህ በፊት ይህን ጠይቀው፤ ካልገባው ሌላ ሰው ፈልግ።

ከዚያ ክብደት። አምራቹ ለእያንዳንዱ አክስል የፈቀደው ልክ አለ፤ በር ሥር ወይም ጋቢና ውስጥ በተለጠፈ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ቤቱ ባዶውን ሲመዘን ከልኩ በታች ይሆናል፤ ችግሩ የሚመጣው ከተኖረበት በኋላ ነው። 300 ሊትር ውሃ 300 ኪሎ ነው። ናፍጣው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ባትሪው፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የእማማ በርበሬና ሽሮ ሲደመሩ የኋላው አክስል በዝምታ ከልኩ ያልፋል። ሁሉን ሞልተህ፣ ቤተሰቡን ጭነህ፣ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ውጣ፤ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ አስመዝን። አጠቃላዩ ትክክል ሆኖ አንዱ አክስል ብቻ የሚጨነቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጎማ ላይ ሰው የሚሳሳተው ጥርሱን እያየ ነው። ሞተርሆም ከሚሄድበት የሚቆምበት ይበዛል፤ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጎኑ ላይ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አራት ቁጥር ፈልግ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ካለፈው፣ ጎኑም እንደ ፎገራ መሬት መሰነጣጠቅ ከጀመረ፣ አዲስ ቢመስልም ቀይረው። የጎማ መጠን ምርጫም ቁም ነገር ነው፤ ወረታ ያለ ጎሚስታ የአይሱዙንና የሲኖትራክን ጎማ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ልክ ይዘህ ብትመጣ ግን ከማዘን በቀር የሚያደርግልህ ነገር የለም።

አሜሪካ ካልን መብራቱም አለ። የአሜሪካ ሞተርሆም በ120 ቮልት ይሠራል፤ የእኛ መስመር 220 ነው። የሆቴል መሰኪያ ላይ በቀጥታ የሰካው ሰው ማቀዝቀዣውንም ቻርጀሩንም በአንድ ጊዜ ይሰናበታል። የአውሮፓው በዚህ በኩል ይስማማል። የእንግሊዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ መሪው በቀኝ፣ የቤቱ በር በግራ ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ ወረታ መንገድ ዳር ቆመህ በሩን ስትከፍት የምትወርደው ባጃጅና ተሳቢ በሚያልፍበት በኩል ይሆናል። ልጅ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሞተሩን በተመለከተ የኔ ምርጫ አሮጌ ነው። ዩሮ 6 የሚባሉት አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ሰልፈሩ እጅግ የቀነሰ ናፍጣና አድብሉ የሚባል ፈሳሽ ይፈልጋሉ፤ እሱ ደግሞ በየማደያው የሚቀዳ ነገር አይደለም። ፈሳሹ ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን አላስነሳ ይላል። ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ደብረ ታቦርም ወልድያም ያለ መካኒክ ፈትቶ የሚገጥመው ሞተር ለዚህ መንገድ ይሻላል። የናፍጣ ፊልትሮ ግን ሁለት ሦስት ትርፍ ያዝ።

የማስገባቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 አስታውቋል፤ ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስም ከባድ ነው። ሞተርሆምህ በየትኛው መደብ እንደሚታይ መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ከጉምሩክ በጽሑፍ እወቅ። ወደቡ ላይ ቆሞ መከራከር ቀን በቀን ገንዘብ ይቆጥራል።

ፎገራ ላይ ማደር ራሱ ደስ ይላል፣ ካወቁበት። ከኅዳር እስከ ጥር ሩዙ ታጭዶ፣ ሜዳው በጓያና በሽንብራ አረንጓዴ ሆኖ፣ አየሩ የጠራ ነው፤ የጣሪያው ሰሌዳም ባትሪውን እስከ እኩለ ቀን ይሞላዋል። ማታ ግን ወባ አለ። መስኮትና የጣሪያ መክፈቻ ላይ ያለው ወንፊት ቀዳዳ እንደሌለው ከመምሸቱ በፊት እይ፤ አጎበርም ያዝ። ማደሪያ ስትመርጥ ዘበኛ ያለው የሆቴል ግቢ ጠይቅ፤ በእግርህ ቀድመህ ገብተህም የበሩን ቁመትና የተንጠለጠለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ለካ። የመኪናህን ቁመት በሜትር ጽፈህ መሪው ፊት ለጥፈው፤ ሲደክምህ ትረሳዋለህ። በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ካለህ መኪናው ተስተካክሎ መቆም አለበት፤ ዘንበል ካለ አያቀዘቅዝም፣ ሲደጋገምም ይበላሻል።

ውሃ ከቧንቧ ስትሞላ ውሃ አጋር የሚባለውን ማከሚያ ጨምርበት፤ ታንከሩንም በየወቅቱ እጠበው። የሽንት ቤቱን ዕቃ የምታራግፈው ሆቴሉ ሲፈቅድልህ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው። ቦይ ውስጥ የደፋኸው የሰው ማሳ ይገባል፣ ከዚያም ጣና። የገበሬው ቀይ ሽንኩርት የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።

ቀን ስትነዳ አስፋልቱ የአንተ ብቻ እንዳይመስልህ። የፎገራ ላሞች ለወተታቸው ስም ያወጡ ናቸው፤ ክላክስ ግን አይፈሩም። እረኛው ከኋላ እየሮጠ እስኪያሻግራቸው መቆም ነው። አሥር ቶን በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ከአውቶሞቢል እጅግ ዘግይቶ እንደሚቆም እረኛው አያውቅም፤ ማወቅ ያለብህ አንተ ነህ። ሲመሽ አትንዳ።

ወደ ወልድያ የሚያቀና ሰው ጉዞውን ከወረታ በጠዋት ይጀምር። በዓለም ሳጋ ደን በኩል ደብረ ታቦር እስኪደርስ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ይወጣል። ወረታ ላይ በ94 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ደብረ ታቦር ላይ በ91 ይፈላል፤ የገዛኸውን የፎገራ ሩዝ እዚያ ብትቀቅል ጋዝህን ይበላዋል። ስለዚህ ምሳህን ታች አብስለህ ውጣ። ከጋይንት በኋላ መንገዱ ደጋ ለደጋ ሄዶ ከጋሸና ወዲያ በድልብ ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ የሚያድነው ማርሽ ነው። ሽቅብ ብትወጣበት የምታስገባውን ማርሽ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገብተህ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ ጠበቅ አድርገህ ልቀቅ። እግርህን ሳታነሳ ከወረድክ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ ቀጥሎ እምቢ ይላል። ሽታው ከመጣ ጠርዝ ይዘህ ቁም፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ፣ ውሃ ሳታፈስበት ራሱ እስኪበርድ ጠብቅ። ቡናውን ለማፍላት ጊዜ አለህ፤ ምድጃው ከጀርባህ ነው።